የቮልስ የፊት እግር፦ ለወንጪ ዳገትና ቁልቁለት ምን ይቀየር፣ ምን ይተው

ከአምቦ ተነስቶ ወደ ወንጪ የሚወጣው መንገድ 30 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው። አምቦ የተቀመጠችው 2,100 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው፤ የወንጪን ሐይቅ ቁልቁል የሚያዩበት አፋፍ ግን ከ3,000 ሜትር በላይ ነው። በዚህች አጭር መንገድ የአሮጌ መኪና ገመና ሁሉ ይወጣል። ሲወጡ የሚፈተነው ሞተሩ ነው። አየሩ እየሳሳ ጉልበቱ ይቀንሳል፣ በሁለተኛ ማርሽ እያቃሰተ ይወጣል፣ ሲደክመውም ይቆማል። ሲወርዱ የሚፈተነው ግን የፊት እግሩ ነው፤ እሱ ቁልቁለት ላይ ከከዳ ሰው ይጎዳል።

ይህን የምጽፈው አሮጌ ቮልስዋገን፣ በእኛ አጠራር ቮልስ ይዘው የፊት እግሯን ማሻሻል ለሚያስቡ ሰዎች ነው። ዲኤክስ፣ ፔጆ ወይም ላዳ ላላቸውም ወደ መጨረሻው ጥቂት አለኝ።

አሜሪካ ውስጥ የ1960ዎቹን ፎርድ ሙስታንግ የያዘ ሰው «የፊት እግር ላሻሽል» ሲል ሐሳቡ ፍጥነትና ጥምዝ ነው። የላይኛውን ክንድ መያዣ ቀዳዳ 25 ሚሊ ሜትር ያህል ዝቅ አድርጎ ይበሳል፣ ጠንከር ያለ ሞላ ያስገባል፣ የመኪናውን ቁመት ይቀንሳል። ለለሰለሰ አስፋልትና ለከባድ ሞተር ይህ ትክክል ነው፤ ከፋብሪካው መሐንዲሶች የመጣ ብልሃትም ነው። የእኛ ቮልስ ግን ሌላ ፍጥረት ናት። ሞተሯ ከኋላ ነው፣ ከክብደቷ 40 በመቶ ያህሉ ብቻ ነው የፊት ጎማዎች ላይ የሚያርፈው፣ መንገዷም አንዱ ጎማ ጉድጓድ ውስጥ ሲገባ ሌላው ጉብታ ላይ የሚወጣበት ነው። ለሙስታንግ የተሻለው ነገር ለእሷ ሊጎዳ ይችላል።

ጉዳዩ ዛሬ ከቀድሞው ይበልጥ ክብደት አለው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ያገለገለ መኪና ማስገባትን እጅግ አስወደደ፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከለከለ። ዛሬ በእጃችን ያለችው ቮልስ ተኪ የላትም። የምናበላሸው ሻንሲ ሁሉ ለዘለቄታው ይቀንሳል።

መጀመሪያ፣ የትኛው እግር እንዳለዎት ይወቁ

ቮልስ ሁሉ አንድ ይመስላል እንጂ የፊት እግሩ 3 ዓይነት ነው። ይህን ሳያውቁ ዕቃ ሊገዙ አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ መሄድ ገንዘብ መጣል ነው።

በፊት ያለውን ኮፈን ይክፈቱ። ተለዋጭ ጎማው ወለሉ ላይ የተኛ ከሆነ መኪናዎ 1302 ወይም 1303 ነው። እነዚህ ከ1970 እ.ኤ.አ. ሁለተኛ አጋማሽ ጀምሮ የወጡ ሲሆን እግራቸው እንደ ብዙዎቹ ዘመናዊ መኪኖች ማክፈርሰን በሚባለው አሠራር፣ ሾክ አብዞርበሩና ሞላው አንድ ላይ ቆመው የሚሠሩበት ነው። ተለዋጭ ጎማው ዘንበል ብሎ የቆመ ከሆነ ግን መኪናዎ የተለመደችው ቮልስ ናት። ከፊት ሁለት አግድም ቱቦዎች አሏት፤ ቱቦዎቹ ውስጥ እየተጠማዘዙ እንደ ሞላ የሚያገለግሉ የብረት ቅጠሎች ታጭቀዋል።

እሷም ሁለት ዓይነት ናት። እስከ 1965 ሞዴል ድረስ ያሉት ኪንግ ፒን ያላቸው ናቸው፤ ከ1966 ሞዴል ጀምሮ ያሉት ቦል ጆይንት ናቸው። ከጎማው ኋላ ጎንበስ ብለው ሲያዩ ቀጥ ብሎ የቆመ ወፍራም ፒንና የግራሶ ማስገቢያ ጡት ካገኙ ኪንግ ፒን ነው። የላስቲክ ቆብ የለበሱ ሁለት ጉልበቶች ካዩ ቦል ጆይንት ነው። በሊብሬው ላይ የተጻፈውን ዓመተ ምሕረት ብቻ አይመኑ። በእነዚህ ሁሉ ዓመታት ስንት መኪና ተጋጭቶ በሌላ መኪና እግር እንደ ቆመ መካኒኮች ያውቃሉ።

ብዙ ሰው ኪንግ ፒኑን አሮጌ፣ ቦል ጆይንቱን ዘመናዊ ብሎ ለማዛወር ይጓጓል። ምክሬ አይሞክሩት ነው። በሁለቱ ዓይነቶች የቱቦዎቹ ርቀት ስለሚለያይ አክስሉ የሚታሰርበት የሻንሲው ራስ ተቆርጦ ሌላ መበየድ አለበት። ሕይወት የሚሸከም ብየዳ ነው። ደግሞም ኪንግ ፒን ያነሰ አይደለም። በሌላው ዓለም ቮልስን በረሃና አሸዋ ላይ የሚወዳደሩባት ሰዎች ለጥንካሬውና ጎማው ወደ ላይና ወደ ታች ለሚጓዝበት ርዝመት ሲሉ ኪንግ ፒኑን ይመርጡታል። ለገጠር መንገድ የተሻለው ቀድሞውኑ በእጅዎ ሊሆን ይችላል።

ክፍተቱን ፈልጎ ማግኘት

እኔ የተማርኩት በስሕተት ነው። ኪንግ ፒን ያላት የ1964 ቮልስ ነበረችኝ። ከወንጪ ስወርድ በ50 ኪሎ ሜትር ፍጥነት መሪው በእጄ ውስጥ መንቀጥቀጥ ይጀምርና ፍጥነት ካልቀነስኩ አያቆምም ነበር። «ሾኩ ሞቷል» ተባልኩና ውድ የሆኑ ጠንካራ ሾኮች አስገባሁ። መንቀጥቀጡ ባሰ። አንድ አምቦ ያሉ አዛውንት መካኒክ መኪናዋን በክሪክ አንስተው ጎማውን በሁለት እጃቸው ከያዙ በኋላ ነው ነገሩ የታየው። «ልጄ፣ የላላ በር ላይ አዲስ ቁልፍ ነው የገጠምከው» አሉኝ። ከዚያን ቀን ወዲህ ያላየሁትን ክፍተት በዕቃ አልሸፍንም።

አዛውንቱ ያደረጉትን እርስዎም ቤትዎ ያድርጉት። መኪናዋን ሜዳ ላይ ያቁሙ፣ የኋላ ጎማዎቹን በድንጋይ ይደግፉ፣ ፊቷን በክሪክ አንስተው ከአክስሉ ሥር ጠንካራ መደገፊያ ያስገቡ። በክሪክ ብቻ በቆመ መኪና ሥር አይግቡ።

ጎማውን ከላይና ከታች ይዘው ወደ ውስጥና ወደ ውጭ ያንቀሳቅሱት። ከተላወሰ አንድ ሰው የፍሬኑን ፔዳል እንዲረግጥ ያድርጉና ይድገሙት። ፍሬን ሲያዝ ክፍተቱ ከጠፋ ጉዳቱ የጎማው ኩሽኔታ ነው፤ በማጥበቅ ወይም በመቀየር ያልቃል። ፍሬን ተይዞም ከቀጠለ ኪንግ ፒኑ፣ የማገናኛ ፒኖቹ ወይም ቦል ጆይንቱ ተበልቷል። ቀጥሎ ጎማውን በግራና በቀኝ ይዘው ያንቀሳቅሱት። እዚህ የሚሰማው ክፍተት ከታይሮድ ወይም ከመሪው ሳጥን ነው። ሌላ ሰው መሪውን ቀስ ብሎ ወዲያና ወዲህ ሲያዞር እያንዳንዱን የታይሮድ ጫፍ በጣትዎ ይንኩ። ዓይን የማያየውን ልውሰት ጣት ይሰማዋል።

ከዚያ ጎማውን የሚይዙትን ክንዶች ራሳቸውን ወደ ላይና ወደ ታች ይግፉ። ከቱቦው አፍ ላይ ከተላወሱ በቱቦው ውስጥ ያሉት ኩሽኔታዎች አልቀዋል ማለት ነው። ግራሶ ሳያገኙ የኖሩ መኪኖች የሚሞቱት እዚህ ላይ ነው።

በመጨረሻ ካቻቢቴ ይዘው አክስሉ የሚታሰርበትን የሻንሲ ራስ ወጋ ወጋ ያድርጉ። ብረቱ ከሰመጠ ወይም ዝገት ከተራገፈ ሁሉንም ነገር ያቁሙና ገንዘብዎን እዚያ ያውሉ። በበሰበሰ ሻንሲ ላይ የሚታሰር አዲስ እግር የለም። የአምቦና የጊንጪ አካባቢ ክረምት ረጅምና ዝናባማ ስለሆነ ጭቃው ከዚህ ቦታ ላይ ቶሎ አይለቅም፤ በነሐሴና በመስከረም ከሥር በውኃ ማጠብን ልማድ ያድርጉት።

የተበላውን ማደስ፦ ዋናው ማሻሻያ ይኸው ነው

ከዚህ በኋላ ስለ ዕቃ ምርጫ መነጋገር እንችላለን። ነገር ግን ከማንኛውም አዲስ ነገር ይልቅ መኪናዋን የሚለውጣት ክፍተቶቿን መዝጋት ነው። ከፋብሪካ እንደወጣች የምትሠራ የቮልስ ፊት እግር ብዙዎቻችን ነድተን የማናውቀው ነገር ነው፤ የለመድነው የተበላውን ነው።

ኪንግ ፒን ላላቸው፦ በእያንዳንዱ ወገን አንድ ኪንግ ፒንና ሁለት ማገናኛ ፒኖች አሉ። ኪንግ ፒኑን ብቻ ገዝቶ ማስገባት አይበቃም፤ ቦኮላውም አብሮ ይቀየርና በፒኑ ልክ በጥንቃቄ መሞረድ አለበት። ይህ የቶርኖ ቤት ሥራ ነው። ፒኑ በእጅ ሲገፋ ያለ ልውሰት መግባት አለበት፤ በመዶሻ የሚገባ ከሆነ መሪው ይከብድና ከጥምዝ በኋላ አይመለስም። ማገናኛ ፒኖቹ ላይ ስስ ሮንዴላዎች ተደርድረዋል። በላይኛውና በታችኛው ክንድ መካከል ያለውን ልዩነት የሚያስተካክሉት እነሱ ናቸው፤ ስለዚህ ሲፈቱ የነበሩበትን ቅደም ተከተል በወረቀት ላይ ይሳሉ ወይም በስልክዎ ፎቶ ያንሱ። ብዙ መኪና ጎማውን ወደ ውስጥ ወይም ወደ ውጭ አዘንብሎ የሚበላው ሮንዴላዎቹ እንደ ነገሩ ስለተመለሱ ነው። ፒኑን ሲያጠብቁ እስኪይዝ ድረስ ያዙሩና የአንድ ዙር ስምንተኛ ያህል መልሰው ያላሉት፤ ከዚያ ማሰሪያውን ይቆልፉ።

ቦል ጆይንት ላላቸው፦ ቦል ጆይንቱ ክንዱ ውስጥ በኃይል ተጨምቆ የሚገባ ስለሆነ ፕሬስ ያስፈልገዋል። በመዶሻ እየቀጠቀጠ የሚያስገባ ጋራዥ ካዩ መኪናዎን ይዘው ይውጡ፤ ክንዱ ከጠመመ ምንም አላይመንት አያስተካክለውም። በላይኛው ቦል ጆይንት ላይ ያለው ከመሐል የወጣ ቀለበት የጎማውን ዘንበልታ የሚያስተካክል ነው። ጥርሱ ወደ ፊት እንዲያይ ተደርጎ ነው የሚጀመረው። የላስቲክ ቆቡ የተቀደደ አዲስ ዕቃ አይቀበሉ፤ የወንጪ አቧራ በአንድ በጋ ይጨርሰዋል።

1302 እና 1303 ላላቸው፦ እነዚህ በ70 እና በ80 ኪሎ ሜትር መካከል መሪ በማንቀጥቀጥ የታወቁ ናቸው። መጀመሪያ የታችኛውን ክንድ ጎሚኒ፣ ቀጥሎ የመሪውን መካከለኛ ክንድ ቦኮላ፣ ከዚያ ከላይ የሾኩን ራስ ኩሽኔታ ይዩ። ከፊት ያለው ማረጋጊያ ዘንግ በእነዚህ መኪኖች ላይ የታችኛውን ክንድ ከፊትና ከኋላ የሚይዝ ጭምር ስለሆነ የእሱ ጎሚኒ መሞት ጎማውን ያንከራትተዋል።

ስለ ጎማ ኩሽኔታ አንድ ነገር ብቻ፦ የግራው ጎማ ዳዶ ጥርሱ ግራ ነው። ወደ ቀኝ ሲያዞሩት ይፈታል። ይህን ያላወቀ ልጅ በረጅም ቱቦ ታግሎ ጥርሱን የጨረሰባቸው ስንት ናቸው። ሲያጠብቁ በዳዶው ሥር ያለው ወፍራም ሮንዴላ በካቻቢቴ ጫፍ ሲገፋ ትንሽ የሚንሸራተት መሆን አለበት፤ ከዚያ በላይ ማጥበቅ ኩሽኔታውን ያቃጥላል።

ግራሶ ደግሞ መድኃኒቱ ነው። በአክስሉ ቱቦዎች ላይ 4 የግራሶ ጡቶች አሉ፤ ኪንግ ፒን ያላቸው ተጨማሪ አላቸው። ኪንግ ፒኑን ሲቀቡ ጎማው ከመሬት የተነሳ ይሁን። ክብደት ያረፈበት ፒን ግራሶውን በአንድ ወገን ብቻ ነው የሚቀበለው። ለገጠር መንገድ በየ2,500 ኪሎ ሜትሩ፣ ከረግረግ ውኃ ውስጥ ከገቡ ደግሞ በማግስቱ ያድርጉት። አሮጌው ጥቁር ግራሶ ወጥቶ አዲሱ እስኪታይ ድረስ ይግፉ።

ሾክ አብዞርበር ሲመርጡ

አንጋፋዎቹ አሞርዛተር የሚሉት ይህ ዕቃ መኪናውን አይሸከምም፤ የሚሸከመው ቱቦው ውስጥ ያለው ብረት ነው። የሾኩ ሥራ ብረቱ ሲወዛወዝ ማስቆም ነው። ስለዚህ «መኪናዬ ፊቷ ወርዷል» ብሎ ሾክ የሚገዛ ሰው ጉዳዩን አልያዘውም።

ገበያ ላይ ሁለት ዓይነት ያገኛሉ፦ የዘይትና የጋዝ። ከፍተኛ ግፊት ያለው የጋዝ ሾክ ለከባድ መኪና ጥሩ ነው። የቮልስ ፊት ግን ቀላል ስለሆነ ጎማው ጉብታ ሲመታ በመግባት ፈንታ መላውን የመኪና ፊት ያነሳዋል፤ ጎማው ከመሬት ይለቃል፤ ከመሬት የለቀቀ ጎማ ደግሞ አይታዘዝም፣ አይቆምም። ኮረኮንች ላይ ለሚነዳ ሰው የዘይቱን ወይም ለስላሳውን የጋዝ ሾክ እመክራለሁ። ጥሩ የዘይት ሾክ ሲገፉት ከሚከብድዎት ይልቅ ሲስቡት መክበድ አለበት። ሱቁ ውስጥ አቁመው ይዘው 4 ወይም 5 ጊዜ ይግፉትና ይሳቡት፤ መሐል ላይ ባዶ የሚሆንበት ቦታ ካለ ይመልሱት።

የኪንግ ፒኗ ሾክ ከላይም ከታችም ዓይን አለው፤ የቦል ጆይንቷ ከላይ ዘንግ ነው። አሮጌውን ፈትተው ይዘው ይሂዱ። ቮልስ በሜክሲኮ ፑዌብላ እስከ 2003 እ.ኤ.አ. ድረስ ስለተመረተች ዕቃዋ ዛሬም ይሠራል፤ ግን የተመሳሰለውም ብዙ ነው። የተወለወለ ቀለም አይግዙ፤ ብየዳውንና የጎሚኒውን ጥራት ይዩ።

ከሾክ ቀጥሎ ለገንዘብዎ የሚገባው ማሻሻያ የፊት ማረጋጊያ ዘንግ ነው። ከ1960 ሞዴል በፊት ያሉት ጨርሶ የላቸውም። የኋላ እግራቸው ስዊንግ አክስል በሚባለው አሠራር የሆኑት ቮልሶች፣ ያም አብዛኞቹ፣ ከሰውና ከሻንጣ ጋር ቁልቁል ጥምዝ ላይ ሲገቡ የኋላ ጎማቸው ወደ ውስጥ መታጠፍ ይወዳል። ከፊት የሚታሰር 19 ሚሊ ሜትር ገደማ ውፍረት ያለው ዘንግ ግድለቱን ወደ ፊት ስለሚያመጣው ይህን ባሕርይ ይቀንሰዋል። ከዚህ የወፈረ አያስፈልግዎትም፤ የግራና የቀኙን ጎማ አንድ ላይ ያሰራቸዋልና ኮረኮንች ላይ መኪናዋ ታንገጫግጫለች።

የመሪ ድንጋጤ መቀበያውን፣ ማለትም ከመሪው ዘንግ ጋር የተገጠመውን ትንሿን ሾክ፣ ሲያልቅ ይቀይሩ። ነገር ግን መንቀጥቀጥን ለመደበቅ አያስገቧት። ለጥቂት ሳምንታት ትደብቃለች፤ በዚያ ጊዜ ፒኑ መበላቱን ይቀጥላል።

ቁመትን ስለ መቀነስ

አዲስ አበባ ውስጥ ፊቷን ዝቅ ያደረጉ ውብ ቮልሶች አያለሁ። የአክስሉን ቱቦዎች መሐል ቆርጠው ማስተካከያ ይበይዳሉ። የሚያደርጉትን የሚያውቁ አሉ፣ ሙያቸውንም አከብራለሁ። ወደ ወንጪ ለሚወጣ መኪና ግን አይሆንም። ፊቱ ሲወርድ ጎማው የሚታጠፍበት ዘንግ ወደ ኋላ የነበረው ዘንበልታ ይቀንስና መኪናዋ ቀጥ ብላ መሄድ ትተዋለች፤ ፊቷ ስለወረደ ክንዱ የሚጓዝበት ርቀት ያጥርና ትንሽ ጉድጓድ ሁሉ ብረት በብረት ይሆናል። ቀድሞ ተቀንሶ የተገዛ መኪና ካለዎት ወደ ነበረበት መመለሱ ጥሩ ነው፤ ካልተቻለ በታችኛው ቱቦና በሻንሲው ራስ መካከል የሚገባ ስስ ሽብልቅ ዘንበልታውን ይመልሳል።

የተሠራችበትን ቁመት የሚጠራጠር ሰው ታሪክ ይይ። የምሥራቅ አፍሪካ ሳፋሪ ራሊን በ1962 እ.ኤ.አ. ያሸነፈችው ቮልስ ነበረች፤ በ1963 ደግሞ ፔጆ 404። ያ ውድድር ጭቃ፣ አቧራና ድንጋይ ነበር። ሁለቱም መኪኖች ከፍ ያሉና እግራቸው ረጅም የሚጓዝ ነበሩ።

ጎማና ንፋስ

ይህ ምንም የማያስከፍል ማሻሻያ ነው፤ ሆኖም አብዛኞቻችን የምንሳሳትበት። ጎሚስታው እንደ ሌላው መኪና በ4ቱም ጎማ 30 ወይም 35 ፒኤስአይ ይሞላል። የቮልስ የፊት ጎማ ለራዲያል 18 ፒኤስአይ ገደማ፣ የኋላው 27 ገደማ ነው የሚፈልገው። ፊቷ ቀላል ስለሆነ በ35 የተነፋ ጎማ እንደ ኳስ ይዘላል፣ መሪውም ወዲያና ወዲህ ይቅበጠበጣል። ብዙ «የታመመ እግር» በዚህ ብቻ ይድናል። ጎሚስታው «ልክ አይደለም፣ ጎማው ለስላሳ ሆኗል» ቢልዎትም ይጽኑ። መለኪያ ይግዙና ጠዋት ጎማው ሳይሞቅ ራስዎ ይለኩ።

ሰፊ ጎማና ሰፊ ቸርኬ ፊት ላይ አያስገቡ። ቸርኬው ወደ ውጭ በወጣ ቁጥር እያንዳንዱ ጉድጓድ መሪውን በበለጠ ኃይል ይመታል፣ ያደሱት ኪንግ ፒንም በቶሎ ይበላል።

ፍሬን

ከ3,000 ሜትር ወርደው አምቦ የሚገቡት በፍሬን አይደለም፣ በማርሽ ነው። በወጡበት ማርሽ ይውረዱ። ይህን ካደረጉ በደንብ የተስተካከሉ ታምቡሮች ይበቃሉ። የፍሬን ዘይት እርጥበት ስለሚስብና ሲሞቅ ስለሚፈላ በየ2 ዓመቱ ይቀይሩት። ወደ ዲስክ መለወጥ ለሚፈልጉ ቦል ጆይንት ላላቸው መንገዱ ቀላል ነው፤ ከ1966 እ.ኤ.አ. ሁለተኛ አጋማሽ ጀምሮ የወጣችው 1500 ቮልስ ከፋብሪካ የፊት ዲስክ ነበራት፣ የቮልስዋገን ካርማን ጊያ ዲስክም ይገባል። ዋናውን የፍሬን ሲሊንደር ግን አብረው ያስቡበት። ኪንግ ፒን ላላቸው ለዚህ የተሠራ ሙሉ ዕቃ ካልተገኘ ታምቡሩን ማደስ ይሻላል። እየቆራረጡ የሚገጥሙትን አልቀበልም።

አላይመንት

ሁሉ ከተሠራ በኋላ ይደረጋል እንጂ በፊት አይደለም። ልውሰት ባለው እግር ላይ የተደረገ አላይመንት ከጋራዡ በር አያልፍም። የኮምፒውተር አላይመንት ያለው ሠራተኛ መኪናዎን በዝርዝሩ ላይ ካላገኘ «አይሠራም» ሊልዎት ይችላል። ይሠራል። ሁለቱ የፊት ጎማዎች ከፊት በኩል ከኋላቸው ይልቅ በጥቂት ሚሊ ሜትር እንዲቀራረቡ ማድረግ ነው፤ ከ2 እስከ 4 ሚሊ ሜትር ይበቃል። በገመድና በሜትር የሚሠሩ ጥንቃቄ ያላቸው መካኒኮች ይህን በትክክል ያወጣሉ። መሪው ቀጥ ብሎ መሐል ላይ ተቀምጦ መለካቱን ብቻ ያረጋግጡ። የመሪው ሳጥን ልውሰት መሪው ዙሪያ ላይ ከ2 ሴንቲ ሜትር ካለፈ ይስተካከል፤ ጨርሶ እንዳይላወስ ብሎ ማጥበቅ ግን ሳጥኑን ይሰብራል።

ዲኤክስ፣ ፔጆና ላዳ

የቶዮታ ኮሮላ ዲኤክስ የፊት እግር ማክፈርሰን ነው። መጀመሪያ የሚያልቀው የታችኛው ቦል ጆይንትና ከፊት ክንዱን የሚስበው ዘንግ ጎሚኒ ነው። ፍሬን ሲይዙ መኪናው ወደ አንድ ወገን ከተሳበ ፍሬኑን ከመፍታትዎ በፊት ያንን ጎሚኒ ይዩ። ሞላ ቆርጦ ማሳጠር በአንዳንድ ጋራዥ ይሠራል፤ የተቆረጠ ሞላ ከመቀመጫው ሊወጣ ይችላልና አይስማሙ። ፔጆ 404 እና 504 ረጅም ጉዞ ያለው ለስላሳ እግር ይዘው የተወለዱ ስለሆኑ ጠንካራ ሞላ መጨመር ያበላሻቸዋል። ላዳ የፊያት 124 ልጅ ናት፤ በሁለት ክንዶች መካከል ሞላ ያላት፣ ቦል ጆይንቷና ጎሚኒዎቿ በአንድ ላይ ቢቀየሩ የምታመሰግን መኪና ናት።

ሙከራው

ሥራው ሲያልቅ በቀጥታ ወደ ወንጪ አይሂዱ። መጀመሪያ ከአምቦ ወደ ጉደር ባለው መንገድ በጠዋት፣ ጋሪና ከብት ሳይበዛ፣ በ40፣ በ60 እና በ80 ይሞክሯት። መሪውን ለአፍታ ላላ አድርገው ይዘው ቀጥ ብላ መሄዷን፣ ከጥምዝ በኋላ መሪው በራሱ መመለሱን ይዩ። ከዚያ ቆመው እጅዎን በእያንዳንዱ የፊት ጎማ መሐል ላይ ያሳርፉ። አንዱ ከሌላው ይልቅ የሚያቃጥል ከሆነ ኩሽኔታው ጠብቋል ወይም ፍሬኑ አለቀቀም።

ሁለተኛው ሙከራ ዳገቱ ነው። ወንጪ በ2014 ዓ.ም. የተባበሩት መንግሥታት የቱሪዝም ድርጅት ከምርጥ የቱሪዝም መንደሮች አንዷ አድርጎ ከመረጣት ወዲህ የጎብኚ መኪና በዝቷል። የአካባቢው ሰው ግን መንገዱ ላይ በፈረስና በእግር ነው የሚሄደው፤ ልጆች ከብት ይነዳሉ። ከጥምዝ ሁሉ ኋላ ሰው አለ ብለው ይውረዱ።

ተመልሰው በገቡ ማግስት፣ ወይም 500 ኪሎ ሜትር ሳይሞላ፣ አክስሉን ከሻንሲው የሚያስሩትን 4 ቡሎኖች፣ የማገናኛ ፒኖቹን መቆለፊያና የታይሮዶቹን ዳዶ አንድ በአንድ እንደገና ያጥብቁ። አዲስ የተገጠመ ዕቃ ሁሉ በመጀመሪያው ኮረኮንች ላይ ጥቂት ይቀመጣል።